ዲቪዥን 3 ማለት ሦስተኛ ደረጃ ማለት ነው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ኮሌጅ ክፍያ ስጽፍ «የስፖርተኞቹን ነገር ሌላ ጊዜ» ብዬ አልፌው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የገባው ኢሜይል ሁሉ ስለ ስፖርተኞቹ ሆነ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ አምስቱን መርጫለሁ። እኔ ጠበቃም አሰልጣኝም አይደለሁም፤ ሯጭ ልጅ አሳድጌ በዚህ ነገር ውስጥ ያለፍኩ፣ አንድ ሁለት ጊዜም የተሸወድኩ አባት ነኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ 800 ሜትርና ክሮስ ካንትሪ ትሮጣለች። ሦስት ትምህርት ቤቶች አነጋግረዋታል። አንዱ ዲቪዥን 1 ነው፤ «ገንዘብ የለንም፣ ቡድኑ ውስጥ ግን ቦታ አለሽ» ይላታል። ሁለተኛው ዲቪዥን 2 ነው፤ ትንሽ ስኮላርሺፕ ሰጥቷታል። ሦስተኛው ዲቪዥን 3 ነው። አሰልጣኟ በጣም ትፈልጋታለች፣ ግን «እኛ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለንም» ብላናለች። ባለቤቴ «ሦስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልንልካት ነው እንዴ ይህን ሁሉ የደከምነው?» ብሎ አኩርፏል። ልጅቷ ደግሞ ዓይን አዋጅ ሆኖባታል። ምን ይሻላል? (እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር እናስታርቅዎ። ቁጥሩ የትምህርት ደረጃ አይደለም። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር የተመሠረተው በ1906 ነው፤ ሦስቱ ዲቪዥኖች የመጡት ግን በ1973 ነው። ምክንያቱም ቀላል ነበር። በየሳምንቱ ስታዲየም የሚሞላ ግዙፍ ዩኒቨርሲቲና ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው ትንሽ ኮሌጅ በአንድ ሕግ ሊተዳደሩ አልቻሉም። ስለዚህ ለስፖርት ምን ያህል ገንዘብና ትኩረት መስጠት እንደሚፈልጉ ታይቶ ተከፋፈሉ። ዛሬ ዲቪዥን 1 ውስጥ ከ350 በላይ፣ ዲቪዥን 2 ውስጥ 300 ገደማ፣ ዲቪዥን 3 ውስጥ ደግሞ ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከሁሉም ሰፊው ሦስተኛው ነው።

ለባለቤትዎ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩልኝ፤ ኤምአይቲ ዲቪዥን 3 ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲም፣ ኤሞሪም፣ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ። በዚህ ካላመኑ ደግሞ ሌላ አለ። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግ ስምንቱም ትምህርት ቤቶች ዲቪዥን 1 ናቸው፣ ግን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። ቁጥሩ ከስሙም ከገንዘቡም ጋር እንዲህ አንድ ላይ አይሄድም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም ማለት ገንዘብ አይሰጥም ማለት አይደለም። በቤተሰብ ገቢ ላይ የተመሠረተ እርዳታ አለ፣ በውጤት የሚሰጥ አለ። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ የግል ናቸው፤ የተጻፈው ዋጋቸው ያስደነግጣል፣ በዚያ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ገንዘቡን የሚወስነው አሰልጣኟ ሳትሆን የፋይናንስ ቢሮው ነው፤ ስፖርቱም በውሳኔው ውስጥ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም። አሰልጣኟ ልታደርግ የምትችለው የልጅዎን ትራንስክሪፕት ቀደም ብላ ለመግቢያ ቢሮው ማሳየት ነው። «ፕሪ-ሪድ» ይሉታል። ካላደረገችው ዛሬውኑ ይጠይቋት። በዚያው ግምታዊ የገንዘብ እርዳታውንም እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ፣ አንዳንዶቹ ያደርጉታል።

የሦስቱም ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ አንድ ወረቀት ያውጡና ሦስት ቦታ ይክፈሉት። ቁጥሮቹ የእኔ ፈጠራ ናቸው፣ ለምሳሌ ያህል ነው። ዲቪዥን 3ው በዓመት 68 ሺህ ዶላር ነው እንበል፤ 44 ሺህ እርዳታ ሰጠ፣ የቀረዎት 24 ሺህ ነው። ዲቪዥን 2ው 34 ሺህ ነው፤ 7 ሺህ በስፖርት፣ 2 ሺህ በውጤት ሰጠ፣ የቀረዎት 25 ሺህ። ዲቪዥን 1ዱ የስቴታችሁ ትምህርት ቤት ነው፣ 29 ሺህ፤ ምንም አልሰጠም፣ 29 ሺህ። አያችሁ? «ስኮላርሺፕ አንሰጥም» ያለው ከሁሉም ረከሰ። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልልም፣ ተገልብጦም ሊመጣ ይችላል። ግን ወረቀቱ ላይ ሳይሰፍር ማኩረፍ አይገባም።

አንድ ወጥመድ ልንገርዎት። ደብዳቤው ላይ «እርዳታ» ተብሎ የተደመረው ውስጥ ብድር ሊኖር ይችላል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት 5,500 ዶላር መበደር ትችላለች፤ ይህ ቁጥር ከስጦታው ጎን ተደርድሮ ሲመጣ ስጦታ ይመስላል። አይደለም፤ ልጅቷ ትከፍለዋለች። በግቢው ውስጥ ሠርታ የምታገኘውም እንዲሁ ተደምሮ ይመጣል። ሁለቱንም ሰርዘው ያስሉ።

ዲቪዥን 2ው «ትንሽ» የሰጠው ንቆ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። በዲቪዥን 2 አንድ የሴቶች ትራክና ክሮስ ካንትሪ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነው። አሰልጣኙ ይህችን እየቆራረሰ ለሠላሳ ልጅ ያከፋፍላል። ለአንዷ ግማሽ፣ ለሌላዋ ሩብ፣ ለአንዳንዷ የመጽሐፍ ብቻ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ 12.6ቱንም አይሞሉም። ሩጫው ግን ቀልድ እንዳይመስልዎት። ኮሎራዶ ውስጥ አላሞሳ የምትባል ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ አለች። እዚያ ያለው አዳምስ ስቴት በ1992 በዲቪዥን 2 የክሮስ ካንትሪ ሻምፒዮና ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን ቦታ በሙሉ ጠራርጎ ወሰደ። በእኛ ቋንቋ፣ ሌላው ለስድስተኛ ነው የሮጠው።

ዲቪዥን 1ዱን ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት። «ገንዘብ የለም፣ ቦታ ግን አለሽ» ማለት ዎክ-ኦን ማለት ነው። የእኔም ልጅ በዚህ መንገድ ነው የገባው፤ ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ቲሸርቱን ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ ለዘመድ ሁሉ ላክን። በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ አሰልጣኙ ቢሮ አስጠርቶት በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተሰናበተ። የላም አለኝ በሰማይ ሆነብን። ልጁ ትምህርቱን ጨረሰ፣ ደህና ነው፤ ግን ያን ትምህርት ቤት የመረጠው ለሩጫው ነበር፣ የምንከፍለውም ሙሉውን ነበር።

አሁን ደግሞ ነገሩ ጠብቧል። በጁን 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ያጸደቁት ትልቅ ስምምነት አለ። በዚያ ስምምነት የገቡ የዲቪዥን 1 ትምህርት ቤቶች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ትምህርት ቤት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ሰምተው ጓጉተው ከሆነ ይቅርብዎት፤ አብዛኛው ለአሜሪካው ፉትቦልና ለባስኬትቦል ነው የሚሄደው። እርስዎን የሚነካው ሌላው ጎኑ ነው። የስኮላርሺፕ ገደቡ ተነስቶ በቦታው የሮስተር ገደብ፣ ማለትም ቡድኑ ሊይዝ የሚችለው የሰው ብዛት ገደብ ገባ፤ ክሮስ ካንትሪ 17 ሰው፣ ትራክ 45 ሰው። ድሮ አሰልጣኙ ሠላሳ አምስት ዎክ-ኦን ቢያሰልፍ ማንም አይጠይቀውም ነበር። ዛሬ አሥራ ስምንተኛዋ ቦታ የላትም። ስለዚህ አሰልጣኙን እንዲህ ብለው ይጠይቁት፦ ትምህርት ቤቱ ስምምነቱ ውስጥ ገብቷል ወይ? ልጄ ሮስተሩ ላይ ስንተኛ ናት? ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት ዎክ-ኦን አስወጣችሁ? መልሱን ሲያንዛዛ ያስተውሉ።

ስለ ሰዓቱም ትንሽ። በዲቪዥን 1ና 2 በውድድር ወቅት ልምምዱ በሳምንት ከ20 ሰዓት እንዳይበልጥ ሕግ አለ። ሕጉ ግን ጉዞውን አይቆጥርም፣ ሕክምናውንም አይቆጥርም፤ የውድድር ቀን ሙሉውን ቢፈጅም የሚቆጠረው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ማጥናት የምትፈልግ ልጅ ከሆነች ይህ ቀልድ አይደለም። ዲቪዥን 3 ላይ ወቅቱ አጠር ይላል፣ ላብራቶሪ ከልምምድ ጋር ሲጋጭ አብዛኛውን ጊዜ ላብራቶሪው ያሸንፋል።

እኔ ብሆን? የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ተቀራራቢ ከሆኑ ዲቪዥን 3ውን እመርጣለሁ። ልጅዎ ነገ ጉልበቷን ብትታመም ወይም በቃኝ ብትል ያ ገንዘብ አብሯት ይቆያል፣ በሩጫ የመጣ አይደለማ። የዲቪዥን 2ው አብዛኛውን ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው፣ ሳይፈርሙ ያንብቡት። ግን የሚሮጡት እርስዎ አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም። ልጅቷን ለብቻዋ ይዘው «ሩጫ ባይኖር እዚህ ግቢ አራት ዓመት ትቆያለሽ?» ብለው ይጠይቋት። የቱን ትምህርት ቤት ስትጠራ ፊቷ እንደሚፈካ እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ! አሥረኛ ክፍል ነኝ፣ ዳላስ ነው የምኖረው፣ ክንፍ ላይ ነው የምጫወተው፤ ሶከር ማለቴ ነው። ከአንድ ዲቪዥን 1 ትምህርት ቤት ካምፕ እንድመጣ ኢሜይል ደረሰኝ። አባቴ ከደስታው ብዛት ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነገረ። ካምፑ 400 ዶላር ነው፣ ሆቴልና አውሮፕላን ሳይጨምር። ሌላ ድርጅት ደግሞ «ለኮሌጅ እናስተዋውቅሃለን» ብሎ ወደ 3 ሺህ ዶላር ጠይቆናል። እንክፈል? (ክንፉ ከዳላስ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደስታችሁን ማበላሸት አልፈልግም፣ ግን ኢሜይሉን እንደገና ክፈተው። «ውድ አትሌት» ይላል ወይስ ስምህን ይጠራል? ያየህበትን ጨዋታ ይጠቅሳል? የማሊያ ቁጥርህን ያውቃል? ካልሆነ ማስታወቂያ ነው። ለብዙ ልጆች የተላከ እንቁልልጭ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሶከር የዲቪዥን 1 አሰልጣኝ አሥረኛ ክፍል ጨርሰህ ጁን 15 እስኪደርስ ድረስ ስለ ምልመላ ሊጽፍልህም ሊደውልልህም አይችልም። ዲቪዥን 2ም እንዲሁ። የካምፕ ማስታወቂያና መጠይቅ ግን በማንኛውም ጊዜ መላክ ይፈቀድለታል። ስለዚህ አንተ ዛሬ በሕግ ልታገኘው የምትችለው ነገር ቢኖር በትክክል ያገኘኸው ዓይነት ነው። በካምፕ ገንዘብ የረዳት አሰልጣኞች ደሞዝ የሚደጎምበት ቦታ ብዙ ነው። ይህ ማለት ካምፕ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ አስቀድመህ ጽፈህላቸው፣ ቪዲዮህን አይተው «ና እንይህ» ካሉህ ያኔ ካምፑ ዋጋ አለው።

ዲቪዥን 3 ከዚህ የተለየ ነው። አሰልጣኞቹ አሁኑኑ ሊመልሱልህ ይችላሉ። በወንዶች ሶከር ዲቪዥን 1 ላይ ያሉት ቡድኖች ከ200 ብዙም አይበልጡም፤ ዲቪዥን 3 ላይ 400 ገደማ አሉ። ዲቪዥን 1ዱ ላይ ደግሞ ከአንተ ጋር ለቦታ የሚታገለው የሰፈርህ ልጅ ብቻ አይደለም፤ በአውሮፓ የክለብ አካዳሚ ያደገ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ ነው። ድሮ አንድ የወንዶች ሶከር ቡድን የነበረው 9.9 ስኮላርሺፕ ነበር። አሁን በስምምነቱ የገቡት እስከ 28 ሰው ድረስ መስጠት ይችላሉ፤ «ይችላሉ» እና «ይሰጣሉ» ግን ለየቅል ናቸው።

ሦስት ሺሁን አትክፈሉ። ያ ድርጅት የሚያደርገውን አንተ በአንድ ቅዳሜ ትሠራዋለህ። ሠላሳ ትምህርት ቤት ምረጥ፤ ከሁሉም ዲቪዥን ይሁን። ለእያንዳንዱ አሰልጣኝ ለየብቻ ጻፍ፣ በስሙ። የምትመረቅበት ዓመት፣ የምትጫወትበት ቦታ፣ ጂፒኤህ፣ ክለብህ፣ በሚቀጥለው ወር የምትጫወትባቸው ቀኖች፤ በቃ። ቪዲዮው ከአራት ደቂቃ አይርዘም። የመጀመሪያው ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ምርጥህን አስገባ፣ ኳሱ ከመድረሱ በፊት አንተ የትኛው እንደሆንክ በቀስት አሳይ፣ ሙዚቃውን ተወው። አሰልጣኞች ድምፁን ዘግተው ነው የሚያዩት። ከወደዱህ ሙሉ ጨዋታ ይጠይቁሃል፣ ስለዚህ ሙሉ ጨዋታ ቀርጸህ አስቀምጥ። ደግሞ ጻፈው አንተ ራስህ። አባትህ የጻፈው ኢሜይል ከሁለተኛው መስመር ጀምሮ ይታወቃል፤ እኔም ለልጄ ጽፌ አውቃለሁና።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ ባስኬትቦል ትጫወታለች፣ አሰልጣኞቿ ተስፋ አላት ይላሉ። ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው፤ እንግሊዝኛዋን ገና በኢኤስኤል፣ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ልጆች በሚሰጠው ክፍል፣ እየተማረች ነው። አንድ ወዳጄ «ኤንሲኤኤ የሚቀበላቸው የተወሰኑ ትምህርቶች ብቻ ናቸው» ብሎ አስደነገጠኝ። እውነት ነው? (አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ወዳጅዎን ያመስግኑት። ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚሰማው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ እንባ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ዲቪዥን 1ና 2 ሁለቱም 16 ኮር ኮርስ፣ ማለትም ኤንሲኤኤ የሚቆጥራቸው ዋና ዋና ትምህርቶች፣ ይፈልጋሉ። ለዲቪዥን 1 አራት ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሦስት ዓመት ሒሳብ ከአልጀብራ 1 ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ሳይንስ፣ ሁለት ዓመት ማኅበራዊ ሳይንስ፣ አንድ ተጨማሪ ከመጀመሪያዎቹ ሦስቱ፣ የቀረው አራቱ እንደ ቋንቋ ያለ ተቀባይነት ያለው ትምህርት። ከእነዚህ ብቻ ተሰልቶ ጂፒኤው ለዲቪዥን 1 ቢያንስ 2.3፣ ለዲቪዥን 2 ደግሞ 2.2 መሆን አለበት። ስፖርት ክፍልና ሥዕል ላይ ያመጣችው ኤ ለዚህ አይቆጠርም። ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ2023 ጀምሮ ለኤንሲኤኤ አያስፈልግም፤ ኮሌጁ ራሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል።

ዲቪዥን 1 ላይ ያለው ጥብቁ ነገር ሰዓቱ ነው። ከ16ቱ አሥሩን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሯ በፊት መጨረስ አለባት። ከአሥሩ ሰባቱ ደግሞ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና ሳይንስ መሆን አለባቸው። የእነዚያ አሥሩ ውጤት ያኔ ይቆለፋል፤ በኋላ ደግማ ብታሻሽለው አይቀየርላትም። አልጀብራ 1ን በሁለት ዓመት ከፍሎ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ፤ ሁለት ዓመት ተቀምጣ የሚቆጠርላት አንድ ብቻ ነው።

የእርስዎ ልዩ ጉዳይ ኢኤስኤሉ ነው። የጀማሪዎቹ ክፍል እንደ እንግሊዝኛ ኮር ኮርስ አይቆጠርም። ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያለው አንዳንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጸድቆ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። እያንዳንዱ ሃይስኩል ኤንሲኤኤ ያጸደቀለት የኮርስ ዝርዝር አለው፣ በትምህርት ቤቱ ስም ፈልገው ኢንተርኔት ላይ ያገኙታል። ያትሙትና ካውንስለሯ ጋ ይዘው ይሂዱ። «ልጄ ከዚህ ውስጥ ዘንድሮ የትኞቹን ይዛለች? በሚቀጥለው ዓመትስ?» ብለው ጣትዎን እያስነኩ ይጠይቁ። ካውንስለሯ አራት መቶ ልጅ ነው ያላት፤ እርስዎ ካልጠየቁ የሚጠይቅ የለም።

ደግሞ አንድ ነገር። ለዲቪዥን 1 አራቱ ዓመት የሚቆጠረው ዘጠነኛ ክፍልን ለመጀመሪያ ጊዜ ከጀመረችበት ቀን ነው፣ የትም አገር ትጀምረው። አገር ቤት ዘጠነኛን ጀምሮ እዚህ መጥቶ ዘጠነኛን የደገመ ልጅ ሰዓቱ አብሮ አልደገመም። ልጅዎ እዚህ ከሆነ የጀመረችው ችግር የለም፤ ይህን የጻፍኩት ለሌሎች ነው፣ ሦስት ኢሜይል ደርሶኛል። ሰዓቱ የማይመች ሆኖ ከተገኘ ዲቪዥን 2 በዚህ ላይ ለቀቅ ይላል። ዲቪዥን 3 ደግሞ የራሱን የመግቢያ መስፈርት ነው የሚጠቀመው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በዲቪ ከእኔ ጋር ለመኖር ሲያትል መጥቷል። ሃያ ዓመቱ ነው፣ 5 ሺህና 10 ሺህ ይሮጣል፣ ጎበዝ ነው። አንድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አሰልጣኝ አግኝቶት «ና» ይለዋል። ሌላ ሰው ደግሞ ኤንኤአይኤ የሚባል ነገር ነገረን። እነዚህ የስንተኛ ዲቪዥን ናቸው? (ወንድም)

መልስ፦ የማንኛውም አይደሉም፤ ከኤንሲኤኤ ውጭ ናቸው። ኤንኤአይኤ የራሱ ሕግና የራሱ መመዝገቢያ ያለው ሌላ ማኅበር ነው። ከ200 በላይ፣ አብዛኞቹ ትንንሽ፣ ብዙዎቹም የሃይማኖት ተቋማት የሆኑ ኮሌጆች አሉበት። የስፖርት ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ፤ ከውጤት ስኮላርሺፕ ጋርም ይደምሩታል። ወረቀቱ ከኤንሲኤኤ ይቀላል፣ ከውጭ ትምህርት ይዞ ለመጣ ልጅም ብዙውን ጊዜ ያመቻል። የቺካጎ ቡልሱ ስኮቲ ፒፔን የወጣው ያኔ ኤንኤአይኤ ውስጥ ከነበረ የአርካንሳ ትምህርት ቤት ነው።

የኮሚዩኒቲ ኮሌጁ መንገድ ጁኮ ይባላል፣ የሁለት ዓመት ነው። አብዛኞቹ የሚተዳደሩበት ማኅበር የራሱ ሦስት ዲቪዥኖች አሉት፣ ግራ የሚያጋባውም እዚህ ላይ ነው፤ የጁኮ ዲቪዥን 1 ሙሉ ስኮላርሺፕ መስጠት ይችላል፣ ዲቪዥን 2ው ትምህርትና መጽሐፍ፣ ዲቪዥን 3ው ምንም። እናንተ ያላችሁበት አካባቢና ካሊፎርኒያ ያሉ ኮሌጆች ግን የየራሳቸው ማኅበር አላቸው፤ ስለ ገንዘቡ አሰልጣኙን በቀጥታ ጠይቁት፣ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ከመመዝገቡ በፊት ግን ቁጭ ብላችሁ ሁለት ነገር ተነጋገሩ። አንደኛው የኤንሲኤኤ ሰዓት ነው። የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆኖ የትኛውም ኮሌጅ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው ዲቪዥን 1 አምስት ዓመቱን የሚቆጥረው። አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ተምሮ ከሆነ ሰዓቱ ያኔ ጀምሯል። ሃይስኩል ከጨረሰ በኋላ በውድድር ያሳለፈው ጊዜም ይጠየቃል። ዲቪዥን 2 የሚቆጥረው ተምሮ ያሳለፋቸውን ሴሚስተሮች ነው፣ አሥር ሴሚስተር። ለእሱ ይኼኛው ይሻለው ይሆናል። እነዚህ ሕጎች በቅርቡ በየፍርድ ቤቱ እየተነካኩ ነውና የሚገባበትን ዓመት ሕግ አሰልጣኙን ሳይሆን የኮምፕላያንስ ቢሮውን፣ ማለትም ሕጉ መከበሩን የሚከታተለውን የኮሌጁን ቢሮ፣ ጠይቁ። አሰልጣኝ ልጁን ማግኘት ነው የሚፈልገው።

ሁለተኛው የጎዳና ውድድር ሽልማት ነው። ወጣቱ ቅዳሜ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ 500 ዶላር ቢያገኝ ማንም አይፈርድበትም፣ ግን የኮሌጅ ሩጫውን ሊያበላሽበት ይችላል። ከእንግዲህ ሳይጠይቅ አይቀበል። ከዚህ በፊት የተቀበለው ካለ ደግሞ አትደብቁ። ውጤቱ ስሙና ሰዓቱ ጭምር ኢንተርኔት ላይ ተለጥፏል፣ ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ግሪን ካርድ ስላለው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ መሙላት ይችላል፤ ዛሬ ማታ ጀምሩት። በተማሪ ቪዛ የመጡ ልጆች ይህ ዕድል የላቸውም። እነሱ ከስማቸውና ከምስላቸው የሚገኝ የማስታወቂያ ገንዘብ ሲቀርብላቸውም መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ማነጋገር አለባቸው፣ ኤንሲኤኤ ስለፈቀደው ብቻ ቪዛው ፈቀደ ማለት አይደለም።

«ግን ከትንሽ ኮሌጅ ወጥቶ ማን ትልቅ ቦታ ደረሰ?» የሚል ከስር ጽፈሃል። በ2013 የሞስኮውን የ800 ሜትር ፍጻሜ ታስታውሳለህ? መሐመድ አማን በመጨረሻው ቀጥታ መንገድ ላይ አንድ አሜሪካዊ አልፎ ነው ወርቁን የወሰደው፣ 1:43.31። ያ የተቀደመው ሰው ኒክ ሲመንድስ ነው፣ 1:43.55። የኮሌጅ ሩጫውን የሮጠው ዊላሜት በሚባል ኦሪገን ውስጥ ባለ የዲቪዥን 3 ትምህርት ቤት ነው። በፓሪስ 2024 በ1500 ነሐስ ያገኘው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤ ደግሞ የዲቪዥን 1ዱ ኖትርዳም ልጅ ነው። ሁለቱም መንገድ ደርሷል።

ጥያቄ፦ ለአንድ አሰልጣኝ «አልመጣም» ማለት አለብኝ፣ ግን በጣም ጥሩ ሰው ስለሆኑ አፍሬ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። በፍጹም ባልመልስስ? (አፋሯ)

መልስ፦ አይ፣ መልሺ! አንቺ ዝም ባልሽ ቁጥር ያ ቦታ ለሌላ ልጅ አይሰጥም። እሷም እንደ አንቺ ስልኳን እያየች ነው። አሰልጣኞች «አይሆንም» ይለምዳሉ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰማሉ። ዝምታውን ነው የሚያስታውሱት። አሠልጣኞች ደግሞ ትምህርት ቤት ይቀያይራሉ፤ ነገ ማን የት እንደሚያገኝሽ አይታወቅም። በእንግሊዝኛ ስትጽፊው ከዚህ አይርዘም፦

«ኮች፣ ሌላ ትምህርት ቤት መርጫለሁ። ለእኔ ስላጠፉት ጊዜ፣ በተለይ ግቢውን ላሳዩኝ ቀን፣ በጣም አመሰግናለሁ። ቀደም ብዬ ስላልነገርኩዎት ይቅርታ። ለቡድኑ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ።»

ስልክ ከደወሉልሽ አንሺ።